ካቴና ይሞታል ወይ?

(ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ለሚነዱ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ነገር የብስክሌት ካቴና ነው። አሮጌ ነው፤ ከራሴ ብስክሌት የወጣ። አራት ዓመት ገደማ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ አመላልሶኛል። የዛሬው ወሬያችን የተነሳው ከእሱ ስለሆነ ይዤው መጣሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ካቴናው ጥርስ እየዘለለ አስቸገረኝ። ሰፈራችን ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጠጋኙ ካቴናውን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየና «መምህር፣ ይሄ እኮ ሞቷል» አለኝ። አጠገቡ ጎማ የሚነፋ ልጅ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቀና ብሎ «ሕይወት ነበረው እንዴ?» አለ።

ጠጋኙ ሳቀ። ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። መልስ ፈልጎ እኔን ነው ያየው። ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ያውቃል። «የለውም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ቀጥሎ ግን «በምን ታወቀ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ «ቅዳሜ ስመጣ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው የቆየሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

በቋንቋችን ሕይወትና ትንፋሽ የተጋመዱ ናቸው። ነፍስና ነፋስ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው «ነፍስ ዘራ» ይባላል። በትምህርት ቤት ደግሞ ሰባት ምልክቶችን እናስጠናለን። ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይራባል፣ ቆሻሻ ያስወግዳል፣ አካባቢው ሲለወጥ ምላሽ ይሰጣል። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይወጡታል። ፈተና ላይም ያገኙታል።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዘን ቤታችን እንግባ። ምድጃው ላይ እሳት አለ። እሳት እንጨት ይበላል፣ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ያድጋል፣ ወደ ሌላው እንጨት ይዛመታል፣ አመድና ጭስ ያስወጣል፣ ነፋስ ሲነካው ይንቀለቀላል። ዝርዝሩን ከሞላ ጎደል አለፈ። እሳት ሕይወት አለው የሚል ሰው ግን የለም።

ደጅ ደግሞ በቅሎ ቆማለች። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ብዙ ሰው ኩራቷን ለመንቀፍ ነው የሚጠቅሰው። እኔ ግን ይህን ተረት ክፍል ውስጥ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ዘመዷን በትክክል ነው የቆጠረችው። እናቷ ባዝራ ናት፣ አባቷ አህያ ነው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አለው፣ አህያ 62። በቅሎ 63 ይደርሳታል። 63 ለሁለት እኩል አይከፈልምና ዘር መተካት ይቸግራታል። እንግዲህ «ይራባል» የሚለውን አጥብቀን ከያዝን፣ ጭነት ተሸክማ ዳገት የምትወጣው በቅሎ ሕይወት የላትም ልንል ነው። ይሄማ አይሆንም።

ጎተራ ውስጥ ያለውን ጤፍስ? አይንቀሳቀስም፣ አያድግም፣ የሚተነፍስም አይመስልም። መሬት ላይ ሲወድቅና ዝናብ ሲያገኘው ግን ይነሳል። እስራኤል ውስጥ ማሳዳ ከሚባለው ምሽግ የተገኘ፣ 2000 ዓመት ገደማ የቆየ የተምር ዘር በ2005 እ.ኤ.አ. ተተክሎ በቅሏል። ያን ሁሉ ዘመን ሞቶ ነበር ወይስ ተኝቶ?

በ1935 እ.ኤ.አ. ዌንደል ስታንሊ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት የትምባሆ ቅጠል የሚያሳምመውን ቫይረስ አጣርቶ ልክ እንደ ጨው ክሪስታል አደረገው። ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አያደርግም። አሟሙተው ቅጠል ላይ ሲቀቡት ግን እንደገና ይባዛል፣ ያሳምማል። ይህ ሥራ በ1946 እ.ኤ.አ. ከኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት አንዱን ድርሻ አስገኝቶለታል። ቫይረስ ሕያው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰዎች ዝርዝሩን ትተው አንድ አጭር ፍቺ ፈለጉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የሰበሰባቸው ሳይንቲስቶች ሕይወትን እንዲህ ብለው ፈቱት፦ ራሱን የሚያስቀጥል፣ በዳርዊን ዝግመተ ለውጥ ማለፍ የሚችል ኬሚካላዊ ሥርዓት። ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበትና ነው። እኔ ከዚህ ፍቺ ውስጥ «ራሱን የሚያስቀጥል» የሚለውን ያዝኩ። በኋላ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። አፋር፣ ዳሎል ድረስ መጥቷል። ዳሎል ያለበት የደናክል ረባዳ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቢጫና አረንጓዴ የሆኑት ኩሬዎቹን በፎቶ አይታችኋል። ከሥር በእሳተ ገሞራ ይሞቃሉ፣ በጨው ይጠግባሉ፣ አሲዳቸው ደግሞ ፒኤች ዜሮ ገደማ ነው። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው። ከ2 ወደ ዜሮ መውረድ መቶ እጥፍ አሲድ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ የሚኖር ነገር አለ?

በ2019 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በዚሁ ጉዳይ ጽፈዋል። አንደኛው ከጨው ክምችቱ በጣም ጥቃቅን ሕዋሳት የመኖራቸውን ምልክት አገኘሁ አለ። ሌላኛው ብዙ ናሙና ወስዶ፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘሁም፣ ሕይወት ያለው ዙሪያቸው ባሉት ሻል ባሉ ጨዋማ ውኃዎች ነው አለ። ከሁሉ የገረመኝ የሁለተኛው ቡድን ማስጠንቀቂያ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልክ እንደ ሕዋስ ክብ ክብ የሆኑ ቅንጣቶች አገኙ። ሲመረመሩ ማዕድን ናቸው። እዚያው አፋር ምድር ላይ ድንጋይ ሕያው መስሎ ተገኘ። መልክ አይበቃም ማለት ነው። ታዲያ ምን እንይ?

እኔ እዚህ ላይ ነው ወደ ካቴናው የተመለስኩት።

እስቲ ካቴናን ጠጋ ብለን እንየው። ዛሬ የምንጠቀምበት ዓይነት ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ሃንስ ሬኖልድ የሚባል በማንቸስተር የሚኖር የስዊስ ተወላጅ ነው የሠራው። ከአምስት ዓመት በኋላ በካቴና የሚነዳ፣ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማ ያለው ብስክሌት ኮቨንትሪ ላይ ለገበያ ወጣ። ዛሬ መንገዳችን ላይ የምናየው ብስክሌት የእሱ ልጅ ነው። ካቴናው ጠፍጣፋ ብረቶች፣ እነሱን የሚያያይዙ ፒኖችና በፒኖቹ ዙሪያ የሚዞሩ ትናንሽ ቀለበቶች ነው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን መሀል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ካቴና 114 ፒን አለው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ካቴና ሲያረጅ «ረዘመ»፣ «ተለጠጠ» እንላለን። እውነትም ይረዝማል። ብረቱ ግን አልተሳበም። የሆነው ነገር ይሄ ነው። ፔዳል ስንመታ እያንዳንዱ ፒን ቤቱ ውስጥ ይሽከረከራል። አቧራና አሸዋ ዘይት ውስጥ ገብተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል። ፒኑ በትንሹ ይሳሳል፣ ቤቱም በትንሹ ይሰፋል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢላላ፣ ይህ የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው። በ114 ስታባዙት ግን 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያኔ ካቴናው ከጥርሶቹ ጋር አይገጥምም። ጥርሶቹን መሞረድ ይጀምራል።

ይህን በቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሜትር ያዙ። ካቴናው ወጠር ባለበት ከአንድ ፒን መሀል ጀምራችሁ፣ እሱን ሳትጨምሩ 24 ቁጠሩና እስከ መጨረሻው ፒን መሀል ለኩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 30.6 ካለፈ ለመቀየር ተዘጋጁ። 30.7 ከደረሰ አትጠብቁ። እኔ ጠበቅኩ። ካቴናውን ብቻ ቀይሬ ብመለስም አዲሱ ካቴና በተበሉት ጥርሶች ላይ ይዘል ነበር። በመጨረሻ የኋላውንም ጥርስ ልቀይር ግድ ሆነ። ወጪው እጥፍ ከዚያም በላይ ነው።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። ችግሩ ብዙዎቻችን በተቃራኒው ማድረጋችን ነው። ዘይት እንጨምራለን፣ አንጠርግም። ዘይት የሚያስፈልገው ግን ፒኑ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ዓይን የማያየው ቦታ። ከውጭ የሚያብረቀርቀው ዘይት ሥራው አቧራ መሰብሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ካቴናውን ጨብጣችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ጨርቁ መጥቆሩን እስኪተው ድረስ ቀጥሉ። ጭቃ ካለው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ፍቁት፣ አድርቁት። ከዚያ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ። አንድ ብቻ። ማታ አድርጋችሁት እደሩ። ጠዋት ከውጭ ያለውን በደንብ ጥረጉት። በክረምት ዝናብ ከመታው በኋላ፣ በበጋ አቧራው ሲበዛ ቶሎ ቶሎ መድገም ነው። ጣናን ተከትሎ ለሚነዳ ሰው ከተማችን ሜዳ ናት፤ አቧራው ግን አይምርም።

ሁለት ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ካቴና ላይ አታድርጉ። ውስጡ ጥላሸትና የብረት ቅንጣት አለ፤ የምትሸሹትን ነገር ራሳችሁ እያስገባችሁት ነው። ለቆዳም መጥፎ ነው። ሌላው፣ እጃችሁን በቤንዚን አትታጠቡ። በነዳጁ ውስጥ በእንግሊዝኛ «benzene» የሚባል ኬሚካል አለ፤ እሱ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ግሪስ የነካው እጅ በጥቂት የምግብ ዘይት ታሽቶ በሳሙና ሲታጠብ ይለቃል። ጎማ የሚነፋውን ልጅ እጆች ሳይ ይህ ነገር ያሳስበኛል። ለጠጋኙም ነግሬዋለሁ፣ ሰምቶኛል።

እንግዲህ ካቴና ምንም ያህል ብንንከባከበው አቅጣጫው አንድ ነው። እያንዳንዱ ዙር ይቀንሰዋል። ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ከዝገት እስከተጠበቀ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ሥራ ይጨርሰዋል፣ እረፍት ያቆየዋል።

ሰውነት ይህን ሕግ ይገለብጠዋል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ሩብ ያህል ወርዶ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኳቸው። የሦስት ሳምንቱ መተኛት ከ30 ዓመት እርጅና የበለጠ አቅማቸውን ጎድቶት ነበር። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ካቴና እንዲህ አይሆንም።

ጠፈርተኞችም አሉ። ክብደት በሌለበት ሲኖሩ አጥንታቸው ሸክም ያጣል። ሸክም ያጣ አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ማዕድኑን ያጣል። አጥንት የሚያርፍበት ቦታ ቢኖር ጠፈር ነበር፤ ያ እረፍት ነው የሚጎዳው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔ ልቤን የሚነካው የለንደን አውቶቡስ ጥናት ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ሁለት ፎቅ ባላቸው አውቶቡሶች የሚሠሩትን ሰዎች መረመረ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ የደረጃ እርከኖችን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም አንድ መኪና ውስጥ፣ አንድ ከተማ ውስጥ፣ ተቀራራቢ ኑሮ ነው የሚኖሩት። በ1953 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታተመ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚጠቁት ከሹፌሮቹ ባነሰ ነበር። ደግሞ ይህ ሰው በውጤቱ ተደስቶ ዝም አላለም። ምናልባት ሹፌሮቹ ሲቀጠሩም ወፍራም ቢሆኑስ ብሎ የዩኒፎርማቸውን ልክ ፈተሸ። እውነትም የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኘው። ይህንንም ደብቆ ሳይሆን አሳትሞ አወጣው። የፖስታ ሠራተኞችንም መርምሯል፤ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት ወንበር ላይ ከሚውሉት ተሽለው ተገኙ። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሮ በ2009 እ.ኤ.አ. አረፈ። ለተማሪዎቼ ስለ ሳይንስ ታማኝነት ስነግር የሱሪውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም።

አሁን ስለ ጉልበት። እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች «የጉልበቴ ቅባት አልቋል፣ ስለዚህ አላንቀሳቅሰውም» ስትሉ እሰማለሁ። ጉልበትን እንደ ካቴና ማሰብ ነው ይሄ። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ስንራመድ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ይለቃል፣ ፈሳሹም በዚያ ይገባል ይወጣል። ዝም ያለ ጉልበት ይራባል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሞች በመጀመሪያ ከሚያዙት አንዱ እንቅስቃሴ የሆነው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ብስክሌት መንዳት ለብዙዎች ይስማማል፤ ክብደቱን ኮርቻው ይሸከመዋልና። ያበጠ፣ የቀላ፣ በድንገት የተቆለፈ ጉልበት ግን ወደ ሐኪም ነው።

ለአዋቂ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየነዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ እዚያው ናችሁ። ሥራ በብስክሌት ሄዶ የሚመለስ ሰው ይህን ሳያስበው ይሞላዋል። ጥገናው የሚካሄደው ግን በማረፊያው ሰዓት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይጎዳል፣ ከዚያ በምግብና በእንቅልፍ ተጠግኖ ይጠነክራል። ፈተና ደረሰ ብሎ ሌሊቱን የማይተኛ ተማሪ ጠጋኙን እንዳባረረው ይወቅ።

ብስክሌት ሁሉን አይሰጥም፤ ይህን ብስክሌት የምወድ ሰው ሆኜ ነው የምናገረው። ኮርቻው ክብደታችንን ስለሚሸከም አጥንት የሚፈልገውን ሸክም አያገኝም። ብስክሌት ብቻ የሚነዱ ተወዳዳሪዎች የወገብ አጥንታቸው ከሌሎች ስፖርተኞች የሳሳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከብስክሌት ወርዳችሁ ተራመዱ፣ ደረጃ ውጡ፣ ገመድ ዝለሉ፣ ዕቃ አንሱ።

ቅዳሜ ለልጁ ይህን በአጭሩ ነገርኩት። ካቴናው በሠራ ቁጥር ይቀንሳል፣ የሚጠግነውም አንተ ነህ። የአንተ እግር ግን ሲሠራ ራሱን ይጠግናል፤ ሕያው የምለው ይህን ነው አልኩት። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መሰለኝ። ልጁ ትንሽ አሰበና አፉን ከፍቶ የፊት ጥርሱን አሳየኝ። ጠርዙ ተሰብሯል። «ታዲያ ይሄ ለምን አልተጠገነም?» አለኝ።

ትክክል ነው። የጥርሳችን የውጭ ሽፋን ጥርሱ አንዴ ከበቀለ በኋላ ሕያው ሕዋስ የለውም። የተሰበረው አይተካም። ጆሯችን ውስጥም እንዲሁ። ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይዘን እንመጣለን። በከፍተኛ ድምፅ የሞተ አይበቅልም። ሰው በሙሉ ራሱን የሚጠግን አይደለም። በውስጣችን ካቴና የሆኑ ክፍሎች አሉን። ለእነሱ የካቴናው ሕግ ይሠራል፦ ጥረግ፣ ጠብቅ፣ አትፈግፍግ። ጥርስን በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ማጽዳት፣ ስኳሩን መቀነስ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ። ለልብ፣ ለጡንቻ፣ ለአጥንትና ለጉልበት ደግሞ ሌላው ሕግ፦ አሠራው፣ አብላው፣ አስተኛው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ሁለቱን ስናቀያይር ነው። ጉልበታችንን እንቆጥባለን፣ በጥርሳችን ጠርሙስ እንከፍታለን።

ልጁ አሁንም ጥያቄ አለው። እርሾ ሕያው ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩት፤ ሊጡ ኩፍ የሚለው በእነሱ ትንፋሽ ነው። «ሲጋገርስ?» አለ። እሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንነጋገራለን።

ካቴናውን እጅ በእጅ አቀባብሉት። ሜትሩ አብሮት አለ፣ ጨርቅም ይዣለሁ። 24 ቁጠሩና ስንት እንደመጣላችሁ ንገሩኝ። ጥያቄ ያለው ደግሞ እጁን ያውጣ።